የቀኙ የኋላ ጎማ

የተጣመመ ነገር ሳይ እጄን ያሳክከኛል። ሰው ቤት ገብቼ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካየሁ ሳላቃናው አልቀመጥም። ባለቤቴ «እንግዳ ሆነህ የሰው ቤት ታስተካክላለህ?» እያለች በክርኗ ትጎሽመኛለች፤ እኔ ግን አልሰማትም። አዲስ አበባ እያለሁ አሥራ አንድ ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ጉድጓድ መትቶት መሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ሚኒባስ ሲመጣ «ለእሱ ስጡት» የሚባለው ስለ እኔ ነበር። ከፊት ለፊት ቆሜ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የትኛው ጎማ ምን ያህል እንደተዛባ እናገር ነበር። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም። ጉራዬ ያደረገውን ለመናገር አስቀድሜ ጉራውን መናገር ስላለብኝ ነው።

ኦስሎ መጥቼ አውቶቡስ ነጂ ሆንኩ። እዚህ ነጂ ሞተር አይነካም። አንድ ቡሎን ላልቶ ቢንኳኳ እንኳ ደውለህ ታሳውቃለህ፣ ሌላ አውቶቡስ ይሰጥሃል፣ አለቀ። ሕጉ ልክ ነው፤ እጄ ግን ሥራ ፈታ።

አንድ የጥር ቀን ከሥራ ወጥቼ ፕሪንስዳል በሚባል ሰፈር በእግሬ ሳልፍ፣ በሩ ከተከፈተ ጋራዥ ውስጥ አንድ ትንሽ ሞተር ሲያስል ሰማሁ። ቆምኩ። ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ከውስጥ ቀና ብለው አዩኝ። ሰላም ሳልላቸው «ቤንዚን በዝቶበታል» አልኳቸው። ካቻቢቴውን አዙረው በእጀታው በኩል አቀበሉኝ። የካርቡራተሩን ቪቲ ሩብ ዙር ያህል ጠበቅ ሳደርገው ሞተሩ ሳሉን ተወ። ከዚያ በኋላ ነው ከፔርሙዛቸው ቡና ቀድተው ስሜን የጠየቁኝ።

ሰውየው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲቆርጡና ሲያጥፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ያወጡት ያ ሞተር የካርት ሞተር ነበር። ካርት ማለት ከጉልበት የማትበልጥ፣ ኮፈንም በርም የሌላት፣ አራት ጎማና አንድ ወንበር ብቻ ያላት የእሽቅድምድም መኪና ናት። የምትነዳት አንድ ልጃቸው ነበረች፤ የጥርስ ሐኪም፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት። በረዶው ቀልጦ በጋ ሲገባ ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ የገበሬ ማሳ ላይ፣ በአፈር መም ይወዳደራሉ። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ብቻ ነው። መሙ ምን እንደሚመስል አልጠየቅኩም። መኪና የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

በኖርዌጂያን አንቱታ ቀርቷል፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም «አንተ» ነው። እኔም ፊት ለፊት «አንተ» እያልኩ ነበር የማወራቸው። እዚህ በአማርኛ ስጽፈው ግን እጄ እምቢ አለ።

ያን የበረዶ ክረምት በሳምንት ሁለት ቀን እሳቸው ጋ መዋል ጀመርኩ። ሥራ ተከፋፈልን፤ «ሞተሩ ያንተ፣ ሻንሲው የኔ» አሉኝ። እኔ ካንዴላ እቀይራለሁ፣ ፍሪሲዮን እፈታለሁ፣ ሰንሰለት አጥባለሁ። እሳቸው መሪውን፣ ጎማውን፣ ወንበሩን ይለካሉ። የለኩትን ሁሉ በአንድ ጥቁር ደብተር ላይ ይጽፋሉ። በእስክሪብቶ ነው የሚጽፉት፤ እርሳስ የሚይዝ ሰው ራሱን አያምንም ይሉ ነበር። በየካቲት አንድ ቀን በር ላይ ያለውን የሸክላ አበባ ማስቀመጫ አንሥተው ከሥሩ ያለውን የጋራዥ ቁልፍ አሳዩኝ። «እኔን አትጠብቅ፤ ስትመጣ ክፈትና ግባ» አሉኝ። አሥራ አራት ዓመት በዚህ አገር ስኖር ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ የእነሱ ፋሲካ ቀድሞ ገባ። እኛ ገና ጾም ላይ ነን። እዚህ አገር በፋሲካ ከተማው ባዶ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ወደ ተራራ ይወጣል። እሳቸውም ከልጃቸው ጋር ለሳምንት ወደ እንጨት ቤታቸው ሄዱ። ሲሄዱ «ጊዜ ካለህ ሰንሰለቱን ቅባልኝ» አሉኝ። ሥራዬ ይህ ብቻ ነበር፤ ሰንሰለት መቀባት።

ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን ከሸክላው ሥር አውጥቼ ገባሁ። ሰንሰለቱን ቀባሁ። እጄን ጠርጌ ወደ ኋላ ራቅ አልኩና፣ ከልማድ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ካርቷን ከፊት አየኋት። ደነገጥኩ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ላያቸው ወደ ግራ ዘሟል። ወንበሩ ከመሃል ወደ ግራ ሸሽቷል። ወደ ኋላ ዞሬ ጎማዎቹን አየሁ፤ የቀኙ ከግራው ይበልጣል። ሜትር አምጥቼ ዙሪያቸውን ለካሁ። ቀኙ በሦስት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል።

ለካ ዓይናቸው ደክሟል ብዬ አዘንኩ። ደብተሩን አንዴ ሲያርቁ አንዴ ሲያቀርቡ አይቻቸው ነበርና ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ስልክ ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። ግን ምን ብዬ? ሽማግሌ ሰው «ሥራህ ተበላሽቷል» ይባላል? እኔ ባደግኩበት ቤት ይህ ነውር ነው። አባቴ የሰቀለው በር ዘሞ አልዘጋ ሲል፣ ወንድሜና እኔ ገበያ እስኪወጣ ጠብቀን ማጠፊያውን አቃንተን፣ ሲመለስ ምንም እንደማያውቅ ሰው ተቀምጠን ነበር። አባቴም በሩ ልክ መዘጋቱን እያየ ዝም አለ። ማንም አላፈረም። ሽማግሌን የሚያከብር ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አላየሁም ብሎ ያስተካክላል።

ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ከመደርደሪያው ከግራው ጎማ ጋር እኩል የሆነ ጎማ አውርጄ በቀኝ ገጠምኩ። ትልቁን በእሱ ቦታ መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት። የፊቶቹን ፈትቼ ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው። ወንበሩን ለማንሳት ብረቱን መብሳት ስለሚያስፈልግ ለሌላ ጊዜ ተውኩት። ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጀብኝ። ስጨርስ በአንድ ዓይኔ አየኋት፤ ውሃ ልክ ሆናለች። ጾም ነበርና በጎ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው፤ ያን ቀን ግን ትዝ አላለኝም።

ከጎጇቸው ተመልሰው ምንም አላሉኝም። ከፋሲካ በፊት ለክተው ጽፈው ጨርሰው ነበርና እንደገና የሚለኩበት ምክንያት አልነበራቸውም። እኔ ደግሞ ዝምታቸውን እንደ አባቴ ዝምታ ቆጠርኩት። አይተዋል፣ ገብቷቸዋል፣ በክብር አልፈዋል ብዬ በልቤ ኮራሁ።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ካርቷን በተጎታች ጭነን ሄድን። እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ አጠገባቸው፣ ልጃቸው ከኋላ። ማሳው ላይ ስንደርስ ሌሎች መለማመድ ጀምረዋል። አጥሩን ተደግፌ ማየት ጀመርኩ። መሙ እንቁላል ቅርጽ ያለው የአፈር ዙሪያ ነው። የመጀመሪያዋ ካርት ወደ ግራ ታጠፈች። ቀጥሎም ወደ ግራ። ዞራ መጣችና እንደገና ወደ ግራ። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ቦታ የለውም።

ከዚያ አጠገቤ የቆሙትን የሰዎች ካርቶች አየሁ። የሁሉም የቀኝ የኋላ ጎማ ትልቅ ነው። የሁሉም የፊት ጎማ ወደ ግራ የዘመመ ነው። የሁሉም ወንበር ወደ ግራ የሸሸ ነው። የካርት የኋላ ጎማዎች በአንድ ብረት ላይ ስለተሰኩ እኩል ነው የሚዞሩት፤ ቀኙ ትልቅ ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር ብዙ መሬት ይረግጥና አፍንጫዋን ራሱ ወደ ግራ ይገፋታል። ለግራ ብቻ የተሠራች ነበረች። እኔ ያቃናሁት ይህን ነው።

ይህ ሁሉ ሲገባኝ ልጅቷ የራስ ቁሯን እያሰረች ነበር። ሞተሩ ተነሣ። ከእኔ እስከ እሷ ሃያ ሜትር ቢሆን ነው። «ቆይ» ብል ይሰማ ነበር። እጄን ባነሣ ሽማግሌው ያዩኝ ነበር። ግን ካስቆምኳት ለምን እንዳስቆምኳት መናገር አለብኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አሥራ አንድ ዓመት ጋራዥ የሠራሁት እኔ፣ የካርትን ጎማ እንኳ እንደማላውቅ። ምናልባት ምንም አይፈጠርም አልኩ። ምናልባት ትንሽ ቀስ ትላለች እንጂ። አፌን ዘግቼ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ማጠፊያ ላይ መሪውን ወደ ግራ ስታዞር ካርቷ አልታዘዝ አለች። ቀጥ ብላ ሄዳ መሙ ዳር ከተደረደረው የጭድ እስር ጋር ተላተመች። አቧራው ሲገለጥ ልጅቷ በእግሯ ቆማለች፤ የግራ እጇን አንጓ ይዛለች። ወልቆ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሥራ አልገባችም።

ሽማግሌው መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ካርቷን አዩ። ተንበርክከው ሜትር አወጡ። «ያዝልኝ» አሉኝ፤ የሜትሩን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቀኙን ለኩ፣ ግራውን ለኩ። እኩል ነው። ደግመው ለኩ። ደብተራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አዩ፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይላል፣ በራሳቸው እጅ። የፊቶቹንም አዩ። ከዚያ ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር እስካሁን አልረሳሁትም። ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ። የመጣው ፍርሃት ነበር።

«የተሳሳተ ጎማ ገጥሜያለሁ» አሉ። «የፊቶቹንም ተሳስቻለሁ። እንዴት እንደገጠምኩት ትዝ አይለኝም።»

ልጃቸው አየቻቸው፤ ሰው የታመመ ሰው እንደሚያይ። እኔ ያኔ አንድ ነገር ተናገርኩ። «ያጋጥማል፤ በማንም ላይ ይደርሳል» አልኩ። ዝም ብል ይሻል ነበር። እስክሪብቷቸውን አውጥተው ከልኬቱ ሥር «የእኔ ስሕተት» ብለው ሲጽፉ እንኳ የሜትሩን ጫፍ አልለቀቅኩም ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። በጋውን ሙሉ በዚህ ተረት ራሴን አባበልኩ። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። ማንኛውንም ቡሎን ካጠበቁ በኋላ «እስቲ አንተ እየው» ይሉኛል። በደብተሩ ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀመሩ። ከጋራዥ ወጥተው በሩን ከዘጉ በኋላ ተመልሰው እጀታውን ይሞክራሉ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሻንሲው የእሳቸው መሆኑ ቀረና ሁሉም ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም ደብተራቸውን እያነበብኩ፣ ከእሳቸው ልኬት እየተማርኩ፣ ትልቁን ጎማ መልሼ ገጥሜ አስተካከልኩት። በነሐሴ ውድድር ልጅቷ ሁለተኛ ወጣች። ወደ እኔ መጥታ «አባቴ አጠገብ አንተ ስላለህ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። አመሰገንኳት። ምን ማለት ነበረብኝ? አውቃለሁ ምን ማለት እንደነበረብኝ።

በኅዳር አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ መስመሬ ፕሪንስዳልን ሲያልፍ፣ ማቆሚያው ላይ አየኋቸው። ቆብ አድርገዋል፣ በፌስታል የካርቷን ሰንሰለት ይዘዋል። በሩን ከፈትኩ። ገብተው ትኬቱን የት እንደሚያስነኩ ጠፋባቸው፤ ከኋላቸው ያሉት ሰዎች ሲገፉ ይቅርታ እየጠየቁ ቆሙ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አሳየኋቸው። ከእኔ ኋላ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ማቆሚያ ሄዱ። ሰው ሁሉ ሲወርድ «እንግዲህ ሹፌሬ አንተ ሆንክ» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው።

«መኪናዎስ?» አልኳቸው።

«ሸጥኩት። መንጃ ፈቃዴንም መለስኩ።»

«ሐኪም ነው ያዘዘዎት?»

«ኔይ፣ አይደለም። ሐኪሙማ የሰዓት ሥዕል በወረቀት ላይ አሣለኝ፣ ቃላት አስደገመኝና ለዕድሜህ ደህና ነህ አለኝ። ግን ሐኪሙ ጎማውን አላየም። የተሳሳተ ጎማ ገጥሞ የማያስታውስ ሰው የሰው ልጆች በሚያልፉበት መንገድ ላይ መንዳት የለበትም። ልጄን ልገድላት ነበር እኮ።»

ይህን ያሉት በረጋ ድምፅ ነው። ሰንሰለቱን ይዘው ወርደው በዝናቡ ሄዱ። እኔ የመነሻ ሰዓቴ ደርሶ ነበርና በሩን ዘጋሁ። መስታወቱ ውስጥ ፊቴን ሳየው ጠላሁት።

ማታ ሆልምሊያ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መርዳት ነው። «ሰው ራሱን መጠራጠር ከጀመረ ምድጃ አጥፍቶ አሥር ጊዜ ተመልሶ ያያል» አለችኝ። «አንተ አፈርኩ ትላለህ፤ እሳቸው ፈርተው ነው የሚኖሩት። ነገ ሂድ።»

በማግሥቱ ሄድኩ። ጋራዥ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ካንዴላ በብሩሽ ያጸዳሉ። ቆሜ ነገርኳቸው። ፋሲካን፣ ሐሙስን፣ ሦስቱን ሳንቲ ሜትር። ተበላሽቷል ብዬ ለመናገር አፍሬ መሆኑን፣ ተደብቄ ያቃናሁት ከአክብሮት እንደሆነ፣ የእኔ አገር ወግ እንዲህ እንደሆነ። ኖርዌጂያኔ ተሰባበረብኝ፤ ግን ገባቸው።

ብሩሹን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባቸው እስኪፈስ። «አቃናኸው!» አሉ። «የግራ ካርት አቃናህ!» ተነሥተው ደብተሩን አወጡ፣ ገጹን ፈለጉና «የእኔ ስሕተት» የሚለውን በእስክሪብቶ ሠረዙት። ሁለት ጊዜ ሠረዙት። «ስለዚህ ጭንቅላቴ ደህና ነው» አሉ፣ ለራሳቸው። እኔም አብሬ መሳቅ ጀመርኩ፤ ተገላገልኩ መስሎኝ።

ዓይናቸውን እየጠረጉ ጠየቁኝ፤ «መቼ ነው የገባህ?»

ከግጭቱ በኋላ ማለት እችል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም። ግን ስድስት ወር ዋሽቼ ደክሞኝ ነበር።

«ከመነሣቷ በፊት» አልኳቸው። «የራስ ቁሯን ስታስር።»

ሳቃቸው ቆመ። እስክሪብቶውን ከደኑ። ደብተሩን ዘግተው እጃቸውን ከላዩ ላይ አደረጉ። «ሃያ ሜትር ላይ ነበርክ» አሉ። ልኬት አይስቱም። አዎ አልኩ። «ለእሷ አንተው ንገራት» ብቻ አሉኝና ካንዴላውን መልሰው አነሡ።

ያንኑ ቀን ደውዬ ነገርኳት። ሰምታ ጨረሰች፤ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ሽማግሌው አትምጣ አላሉኝም። ቅዳሜ እንደልማዴ ሄድኩ። የጋራዡ መብራት በመስኮት ይታያል፤ ውስጥ ሞተር ይንኳኳል። ጎንበስ ብዬ የአበባውን ሸክላ አነሣሁ። ሥሩ እርጥብ አፈር ነው፤ ቁልፉ የተኛበት ቦታ ቅርጹን ይዞ ቀርቷል። ሸክላውን እንደነበረ መለስኩና፣ እጄን ጠርጌ፣ እንደማንኛውም እንግዳ በሩን አንኳኳሁ።